ፀሐይ የሞቀው ጭስ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሎስ አንጀለስ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ዘንድ ሰንብቼ ነበር፡፡ ቤቷ የከተማው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ከሰየመው፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ካለው ሠፈር ብዙም አይርቅም፡፡ አንድ ቀን በማለዳ ቡና ጠጥተን ግሪፍዝ ኮረብታ ላይ ወጣን፡፡ በስተሰሜን ምሥራቅ የሳን ጋብርኤል ተራሮች ጥርት ብለው ይታያሉ፡፡ «ጋሼ፣ አሁን በደንብ ይዩዋቸው፤ ከሰዓት በኋላ የሉም» አለችኝ፡፡

እውነትም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመልሰን ስናይ ተራሮቹ የሉም፡፡ በቦታቸው ሻይ የፈሰሰበት ነጠላ የመሰለ ቡናማ መጋረጃ ተንጠልጥሏል፡፡ ጉሮሮዬን ከረከረኝ፡፡ የገረመኝ ቡናማው ነገር አልነበረም፤ እንዲህ ያለውን አዲስ አበባም አውቀዋለሁ፡፡ የገረመኝ ሰዓቱ ነው፡፡ መንገዱ በመኪና የሚጨናነቀው ጠዋት ነው፤ ታዲያ ጠዋት ጥርት ያለው ሰማይ መኪናው ቀለል ባለበት ሰዓት የሚበላሸው ለምንድን ነው? «ፀሐይዋ ናት ይላሉ» አለችና ወሬ ቀየረች፡፡

ፀሐይ? ፀሐይ ልብስ ታደርቃለች፣ ጤፍ ታደርቃለች፣ ጉንፋን ታስወጣለች፡፡ በእኛ ዘንድ «ፀሐይ ይንካው» ማለት ይጥራ፣ ይንጻ ማለት ነው፡፡ ፀሐይ አየር ታበላሻለች ሲባል ግን መስማቴ ነበርና ነገሩን ሳላጣራ ዝም ማለት አልሆነልኝም፡፡ እኔ የተማርኩት ሕግ ነው፤ ከኬሚስትሪ ጋር የተለያየነው በማትሪክ ፈተና ማግሥት ነው፡፡ ሆኖም ጉዳዩ ሲመረመር ከኬሚስትሪው ባልተናነሰ የሕግ ጉዳይ ሆኖ ስላገኘሁት ለአንባቢ ላካፍለው ወደድኩ፡፡

ከመሠረቱ እንነሳ፡፡ የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው፡፡ ናይትሮጅን ሁለት ሁለት አቶም ሆኖ በጥብቅ የተጋመደ፣ ከማንም ጋር የማይጣላ፣ ከማንም ጋር የማይዋደድ ጋዝ ነው፡፡ ወደ ሳንባችን ገብቶ እንደገባ ይወጣል፡፡ ይህን ቁጥብ ጋዝ ከፍተኛ ሙቀት ያስገድደዋል፡፡ በመኪና ሞተር ሲሊንደር ውስጥ ነዳጅ ሲቀጣጠል ሙቀቱ ከ1,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል፡፡ በዚያ እቶን ውስጥ ናይትሮጅኑና ኦክስጅኑ ይጣመሩና ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይፈጠራል፡፡ ይህ እንዴት እንደሚሆን በ1940ዎቹ ያስረዳው የሶቪየቱ ሊቅ ያኮቭ ዜልዶቪች ነው፡፡ ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ ናይትሮጅኑ የመጣው በአብዛኛው ከነዳጁ ሳይሆን ከአየሩ ነው፡፡ «ጥሩ ነዳጅ ብናስገባ ይቀራል» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ አይሠራም፡፡ ነዳጁ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን በሚነድድበት ሙቀት የራሳችንን አየር ይቀቅለዋል፡፡

ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ ቀለም የለውም፡፡ ውጭ ወጥቶ አንድ የኦክስጅን አቶም ሲጨምር ግን ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ቡናማው እሱ ነው፡፡ ቡናማ የሆነውም በምክንያት ነው፡፡ ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ ሰማያዊውንና ሐምራዊውን ስለሚውጥ ለዓይናችን የሚተርፈው ቀይና ቢጫው ነው፡፡ ያ የዋጠው ብርሃን ነው እንግዲህ የሚሰብረው፡፡

ብርሃን የሚጓዘው በጥቃቅን ጥቅሎች ነው፤ ፎቶን ይባላሉ፡፡ የቀይ ብርሃን ፎቶን ጉልበቱ ትንሽ ነው፤ የሐምራዊው ይበልጣል፤ ከሐምራዊ ወዲያ ያለው፣ ዓይናችን የማያየው የአልትራቫዮሌት ፎቶን ደግሞ ከሁሉም ይበረታል፡፡ ከናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ላይ አንዱን የኦክስጅን አቶም ለመገንጠል የሚያስፈልገው ጉልበት የሞገድ ርዝመቱ ወደ 400 ናኖሜትር ከሆነ ብርሃን የሚገኘው ነው፤ ማለትም የሐምራዊና የአልትራቫዮሌት ድንበር ላይ፡፡ ከዚያ የደከመ ብርሃን የቱንም ያህል ቢበዛ ዋጋ የለውም፡፡ ሦስት ሜትር ስፋት ያለው ገደል አለ እንበል፡፡ ሁለት ሜትር ብቻ መዝለል የሚችሉ አሥር ሺሕ ሰዎች ቢሰለፉ አንዳቸውም አይሻገሩም፡፡ ሦስት ሜትር የሚዘል አንድ ሰው ግን ይሻገራል፡፡ መብራት ብናበዛ፣ ምድጃ ብናነድድ ይህ ጋዝ አይገነጠልም፤ የቀትር ፀሐይ ግን አንዱን የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ሞለኪውል በአማካይ በሁለት ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ ትሰብረዋለች፡፡

ተገንጥሎ የወጣው ብቸኛ የኦክስጅን አቶም ብቻውን መኖር አይችልም፡፡ በአካባቢው የሞላው ባለሁለት አቶሙ ተራ ኦክስጅን ነውና ከሱ ጋር ይጋጫል፣ ይጣበቃል፤ ሦስት አቶም ያለው ኦክስጅን ይሆናል፡፡ ይህ ኦዞን ነው፡፡ ጥምረቱ እንዲጸና ግን ሦስተኛ ወገን ያስፈልጋል፤ ትርፉን ጉልበት ተቀብሎ የሚሄድ ሌላ የአየር ሞለኪውል በአጠገቡ ካልተገኘ የተጣበቁት ወዲያው ይለያያሉ፡፡ ዋስ ያልተገኘለት ውል እንደማለት ነው፡፡

ኦዞን ሲባል ብዙዎቻችን የምናውቀው ጠባቂውን ነው፤ ከምድር ከ15 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ አደገኛውን ጨረር የሚከለክልልንን፡፡ እዚያ ላይ ፀሐይ ተራውን ኦክስጅን በቀጥታ ሰብራ ኦዞን ትሠራለች፡፡ ለዚህ የሚያስፈልጋት ብርሃን ግን ከ242 ናኖሜትር በታች የሆነ ብርቱ ጨረር ነው፤ እሱም ላይኛው አየር ውስጥ ተውጦ ይቀራል፣ እኛ ዘንድ አይደርስም፡፡ ስለዚህ መሬት አጠገብ ኦዞን የሚመረትበት ዋነኛ በር አንድ ነው፤ የናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ መሰበር፡፡ ያው ኦዞን ሰማይ ላይ ጃንጥላ የሆነልን፣ መንደር ሲገባ ሳንባ ይቆጣል፣ አስም ይቀሰቅሳል፣ የቅጠል ሕዋስ ይገድላል፣ ጎማ ይሰነጥቃል፡፡

የጎማው ነገር ተራ ነገር እንዳይመስል፡፡ ምሥጢሩ የተፈታው በከፊል በጎማ ነው፡፡

እ.ኤ.አ. ጁላይ 26 ቀን 1943 ሎስ አንጀለስ በድንገት በሚያስለቅስ ጉም ተሸፈነች፡፡ ጦርነቱ የተፋፋመበት ጊዜ ስለነበር ጃፓን የጋዝ ጥቃት አደረሰች ብለው የደነገጡ ነበሩ፡፡ ቀጥሎ የተጠረጠረው ለሰው ሠራሽ ጎማ ግብአት የሚያመርት አንድ ፋብሪካ ነበር፡፡ ፋብሪካው ለጊዜው ቆመ፤ ጉሙ ግን አልቆመም፡፡ ከዚያ በኋላ ሬይመንድ ታከር የተባለ፣ የሴንት ሉዊስን የከሰል ጭስ በማስቀረት ስሙ የገነነ ባለሙያ ተጠራ፡፡ እሱም እንደ ልምዱ ማጣሪያዎችን፣ ፋብሪካዎችን፣ በየጓሮው ቆሻሻ የሚቃጠልበትን ምድጃ ጠቆመ፡፡ በ1947 የካውንቲው የአየር ብክለት መቆጣጠሪያ ተቋቋመ፡፡ ድኝ የሚለቁ ፋብሪካዎች ተገሩ፡፡ ጉሙ ግን አሁንም አልሄደም፡፡

ስህተቱ የንጽጽር ስህተት ነበር፡፡ የሴንት ሉዊስና የለንደን ጉም በብርድና በጨለማ ቀን የሚከብድ፣ ከከሰል የሚወጣ የድኝና የጥላሸት ጉም ነው፡፡ በዲሴምበር 1952 ለንደን ላይ ሺዎችን የፈጀው እሱ ነው፡፡ የሎስ አንጀለሱ ግን የሚከፋው ሙቀትና ፀሐይ ባለበት ቀን ነበር፡፡ ሌላም ያልተለመደ ምልክት ነበረው፤ እዚያ ከተማ የመኪና ጎማ ከሌላው አገር ቀድሞ ይሰነጣጠቅ ነበር፡፡ ሰላጣና ስፒናች የሚያመርቱ ገበሬዎችም ቅጠሉ እየነጣ ተቸገሩ፡፡

የቅጠሉ ጉዳይ የቀረበለት አሪ ሃገን ስሚት ነው፡፡ የኔዘርላንድስ ተወላጅ፣ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚያስተምር ኬሚስት ሲሆን፣ የሚያጠናው የአናናስ ጣዕም ከምን እንደሚመጣ ነበር፡፡ የአናናስ ሽታ ለመያዝ በሚጠቀምበት ቀዝቃዛ ወጥመድ የፓሳዴናን አየር አሳልፎ ጥቂት ጠብታ የሚሸት ቡናማ ፈሳሽ አገኘ፡፡ ከዚያ የቤንዚን እንፋሎትና ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ አንድ ላይ አድርጎ ብርሃን አበራበት፡፡ ዓይን የሚያቃጥል፣ ቅጠል የሚያነጣ፣ የተለጠጠ ጎማ የሚሰነጥቅ ነገር ወጣ፤ ኦዞን ነበረበት፡፡ ጎማ እየጠቀለለ የስንጥቁን መጠን በማየት የአየሩን ኦዞን ይለካም ነበር፡፡ ውጤቱን በ1952 አሳተመ፡፡ ለሥራው የገፋፋው ግማሹ ቁጭት ነበር ይባላል፤ በነዳጅ ኩባንያዎች ገንዘብ የሚካሄድ ጥናት የሱን ግኝት በአደባባይ አጣጥሎት ነበርና፡፡

እዚህ ላይ «ቤንዚኑ ለምን አስፈለገ?» የሚል አንባቢ ካለ የነገሩን ቁልፍ ይዟል፡፡ ፀሐይ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይዱን ስትሰብር ሁለት ነገር ይወጣል፤ ኦክስጅኑ ኦዞን ይሆናል፣ የቀረው ናይትሪክ ኦክሳይድ ነው፡፡ ሁለቱ ሲገናኙ ኦዞኑ አንድ አቶም ለናይትሪክ ኦክሳይዱ ይመልስና እንደገና ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድና ተራ ኦክስጅን ይሆናሉ፡፡ በቀኝ እጅ የሰጡትን በግራ እጅ መቀበል ነው፡፡ ፊሊፕ ሌይተን የተባለ ኬሚስት በ1961 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን የሚዛን ስሌት አስቀምጦታል፤ ነገሩ በዚህ ብቻ ቢያበቃ ኦዞን ብዙም አይከማችም ነበር፡፡

ሚዛኑን የሚያዛባው ሦስተኛው ባለጉዳይ ነው፤ ሳይነድ የወጣ ቤንዚን፣ የቀለም ማቅጠኛ፣ የእንጨት ጭስ፣ ባጠቃላይ ተን የሆነ ካርቦን አዘል ነገር ሁሉ፡፡ እነዚህ አየር ውስጥ ሲበላለጡ የሚፈጥሯቸው ስብርባሪዎች ናይትሪክ ኦክሳይዱን ኦዞኑ ሳይደርስበት ቀድመው ይጠልፉትና ወደ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይመልሱታል፡፡ ኦዞኑ ባለዕዳውን አጣ ማለት ነው፤ ይከማቻል፡፡ የተመለሰውን ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ፀሐይ እንደገና ትሰብረዋለች፣ ሌላ ኦዞን ይወጣል፡፡ አንድ የናይትሮጅን ኦክሳይድ ሞለኪውል ወደ ናይትሪክ አሲድ ተለውጦ በዝናብ እስኪታጠብ ድረስ ደጋግሞ ኦዞን ያመርታል፡፡

የአክስቴ ልጅ ተራሮች የት እንደገቡ አሁን ግልጽ ነው፡፡ ጠዋት የሚወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ ነው፤ ረፋድ ላይ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ከቀትር በኋላ ኦዞንና ጥቃቅን ብናኝ ይሆናል፡፡ ከባሕር የሚነፍሰው ነፋስ ደግሞ ሁሉንም ወደ ምሥራቅ ይገፋዋል፡፡ ስለዚህ ክፉው ኦዞን የሚወርደው መኪናው በበዛበት መሀል ከተማ ሳይሆን ሩቅ ምሥራቅ ያሉት ሪቨርሳይድና ሳን በርናርዲኖ ላይ ነው፡፡ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ምርቱ ይቆማል፡፡

ይህ ሥርዓት ጤነኛ አእምሮን የሚያደናግር ጠባይም አለው፡፡ በ1990ዎቹ ሎስ አንጀለስ ውስጥ እሑድ የጭነት መኪና ሲቀንስና ናይትሮጅን ኦክሳይድም ሲቀንስ፣ ኦዞን ግን ከሥራ ቀን በልጦ ይገኝ ነበር፡፡ በ2020 በኮሮና ምክንያት ከተሞች ሲዘጉ በሰሜን ቻይና ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፡፡ ምክንያቱ ያው ነው፤ ኦዞኑን የሚበላው ናይትሪክ ኦክሳይድ ከመንገዱ ጠፋ፡፡ በዚህ ተነስቶ «እንግዲያው መኪናው ይብዛልን» የሚል አይጠፋም፡፡ ክርክሩ ግን አያስኬድም፡፡ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ራሱ የሳንባ ጠንቅ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 የዓመት አማካይ ጣሪያውን በአንድ ኩብ ሜትር ከ40 ወደ 10 ማይክሮ ግራም ያወረደው ያለ ነገር አይደለም፡፡ ቅነሳው ጠለቅ ሲልም ኦዞኑ አብሮ ይወርዳል፤ የሚያስቸግረው ግማሽ መንገድ ላይ መቆም ነው፡፡

አሁን ወደ ራሴ ሙያ ልመለስ፡፡ የሪቨርሳይድ ልጅ አስም ተነሳበት እንበል፡፡ ማንን ይክሰስ? የጎዳው ኦዞን ከአንድም ጭስ ማውጫ አልወጣም፡፡ መኪናው የለቀቀው ሌላ ጋዝ ነው፤ የሰበረችው ፀሐይ ናት፤ ያመጣው ነፋስ ነው፡፡ የእኛ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ይካስ ይላል፡፡ በጥፋቱና በጉዳቱ መካከል ያለው ሰንሰለት ግን በአራት ኬሚካላዊ ለውጥና በሚሊዮን መኪና ሲበጣጠስ የትኛው ዳኛ ይቀጥለዋል? ተከሳሽ ቢገኝ የመጀመሪያ መከላከያው «ፀሐይን ክሰሱ» የሚል ነው፡፡

ይህ ቀልድ አይደለም፡፡ የሎስ አንጀለስ ካውንቲ አስተዳዳሪ የነበሩት ኬኔት ሃን ከ1953 ጀምሮ ለመኪና ፋብሪካዎች ደብዳቤ ይጽፉ ነበር፡፡ ከፎርድ ያገኙት የመጀመሪያ ምላሽ ጭሱ አየር ላይ ወዲያው ተበትኖ ስለሚጠፋ ችግር አይፈጥርም የሚል ይዘት ነበረው፡፡ የሃገን ስሚት ጽሑፍ ግን ቀደም ብሎ ታትሞ ነበር! ደብዳቤው ለዓመታት ቀጠለ፡፡ በመጨረሻ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በጃንዋሪ 1969 የመኪና አምራቾች ማኅበርንና አራቱን ትልልቅ ኩባንያዎች፣ ጄኔራል ሞተርስን፣ ፎርድን፣ ክራይስለርንና አሜሪካን ሞተርስን ከሰሰ፡፡ ክሱ የብክለት ሕግ አልነበረም፤ የፀረ ውድድር ክስ ነበር፡፡ ጭስ የሚቀንስ መሣሪያን በማልማትና በመትከል ረገድ አንዱ ሌላውን እንዳይቀድም ከ1953 ጀምሮ ተስማምተዋል የሚል፡፡ የሕግ ባለሙያ የሚያደንቀው ብልሃት ይህ ነው፤ ዓቃቤ ሕጉ የፀሐይንና የነፋስን ሰንሰለት ማስረዳት አላስፈለገውም፤ ስምምነቱን ማስረዳት ይበቃው ነበር፡፡ ኩባንያዎቹ ጥፋቱን ሳያምኑ፣ ክርክሩ በአደባባይ ሳይሰማ፣ ወደፊት እንዳይደግሙት በስምምነት ፍርድ በዚያው ዓመት ተዘጋ፡፡ በእኔ አስተያየት መዘጋቱ ስህተት ነበር፤ ማስረጃው በግልጽ ችሎት ቢሰማ ኖሮ ብዙ ይማሩበት ነበር፡፡

ሃገን ስሚት በበኩሉ የካሊፎርኒያ የአየር ሀብት ቦርድ የመጀመሪያ ሊቀመንበር ሆነ፡፡ በ1973 ገዢው ሮናልድ ሬጋን አሰናበቱት፡፡ በ1970 የወጣው የፌዴራል የንጹሕ አየር ሕግ ግን ፋብሪካዎቹን አስገድዶ ነበርና ካታሊቲክ ኮንቨርተር መጣ፡፡ ሦስቱን ጋዞች በአንድነት የሚያክመውን ዓይነት ቮልቮ በ1977 ሞዴሉ ካሊፎርኒያ ላይ አቀረበ፡፡ በውስጡ ያለው ሮዲየም የተባለ ውድ ብረት ናይትሪክ ኦክሳይዱን ይፈታዋል፤ ናይትሮጅኑም ወደ ድሮው ቁጥብ ኑሮው ይመለሳል፡፡ በ1955 ሎስ አንጀለስ ላይ 0.68 ፒፒኤም፣ ማለትም በሚሊዮን 0.68 እጅ የደረሰ ኦዞን ተለክቶ ነበር፤ ዛሬ የአሜሪካ የስምንት ሰዓት ጣሪያ 0.070 ነው፡፡ ከተማዋ ያንን ጣሪያ ገና አላሟላችም፤ ከድሮዋ ጋር ግን አትነጻጸርም፡፡

ማጭበርበሩም አልቀረም፡፡ ቮልስዋገን በዲዝል መኪኖቹ ላይ ፈተና መሆኑን ሲያውቅ ብቻ ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚቆጥብ ሶፍትዌር መጫኑ በ2015 ተጋለጠ፤ መንገድ ላይ ልቀቱ ከተፈቀደው እስከ 40 እጥፍ ይደርስ ነበር፡፡ በ2017 ጥፋተኛነቱን አምኖ 2.8 ቢሊዮን ዶላር የወንጀል ቅጣት ተጣለበት፡፡ ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም፡፡ ካሊፎርኒያ ጠበቅ ያለ መስፈርት እንድታወጣ በ1967 ከተጀመረው ልዩ ፈቃድ ጋር በተያያዘ፣ ፕሬዚዳንት ትራምፕ በጁን 2025 ሦስት ፈቃዶችን የሚሽሩ የኮንግረስ ውሳኔዎች ሲፈርሙ ግዛቲቱ በዚያው ዕለት ክስ መሥርታለች፡፡

ወደ ቤታችን ስንመጣ፣ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ ከምድር ወገብም ዘጠኝ ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የምትርቀው፡፡ ከላያችን ያለው አየር ሳሳ ያለ ስለሆነ የሚደርሰን ሐምራዊና አልትራቫዮሌት ብርሃን ብርቱ ነው፡፡ በበጋ ወራት ደመና የለም፡፡ ጭሱ ደግሞ ከየት እንደሚመጣ ለማንም መንገር አያስፈልግም፡፡ ሦስተኛው ባለጉዳይም ሞልቷል፤ የከሰልና የማገዶ ጭስ አለ፣ የቤንዚን ማደያው ሽታ አለ፣ እንጦጦን የሸፈነው ባሕር ዛፍ ራሱ በፀሐይና በሙቀት ጊዜ አይሶፕሪን የተባለ ተን በብዛት ከሚለቁ ዛፎች አንዱ ነው፡፡ ባሕር ዛፉን መውቀሴ አይደለም፤ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ከሌለ ተኑ ብቻውን ኦዞን አያመርትምና፡፡

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ሲያሳውቅ ብዙዎች ያነሱት የውጭ ምንዛሪን ነበር፡፡ ከኬሚስትሪው አንጻር ግን ዋናው ነገር ሌላ ነው፡፡ የኤሌክትሪክ መኪና ሲሊንደር የለውም፤ ናይትሮጅን የሚቀቀልበት እቶን የለውም፡፡ ነገር ግን አሮጌው መኪና፣ የጭነት መኪናውና ጄኔሬተሩ ለዓመታት ከእኛ ጋር ናቸው፡፡ አንድ ጋራዥ ውስጥ «ጉልበት ይወስድብሃል» ተብሎ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን በመጋዝ ያስቆረጠ ወዳጅ አለኝ፡፡ ሕግ የተማረ ሰው ነው፡፡ ቆራጩም አስቆራጩም ሮዲየም ምን እንደሚሠራ አልጠየቁም፤ ዋጋውን ግን ጋራዡ ሳያውቅ አይቀርም፡፡

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ለሁሉም ሰው ሰጥቷል፡፡ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ በአንቀጽ 11፣ ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሜ ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት በበካይ ላይ አቤቱታ ማቅረብ እንዲችል፣ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘም ፍርድ ቤት እንዲሄድ በር ከፍቶ ወጣ፡፡ ድንጋጌው በሪቨርሳይዱ ልጅ ላይ ያነሳነውን የመክሰስ መብት ችግር ይፈታል፤ የማስረጃውን ችግር ግን አይፈታም፡፡ ለማስረጃው ናይትሪክ ኦክሳይድ፣ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ፣ ኦዞንና ተኑ በየሰዓቱ፣ በአንድ ቦታና በአንድ ጊዜ ተለክተው መመዝገብ አለባቸው፡፡ መለኪያውም መስቀል አደባባይ ላይ ብቻ ቢተከል ኦዞኑን አያገኘውም፤ ነፋሱ ከሰዓት በኋላ ወደሚገፋበት ወደ ከተማው ዳርቻ መውረድ ይኖርበታል፡፡